ስለ ሻካራና ስለ ጥርት ያለ ድምፅ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ ዐዋቂዎች የጻፉትን እያነበብን ብዙ ተጠቅመናል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ አንድ የሙዚቃ ክርክር ነው። ክርክሩ በኤውሮጳና በአሜሪካ ሜታል የተባለውን ሙዚቃ በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ከተነሣ አርባ ዓመት ያህል ይሆነዋል፤ ወደ እኛ ቤት የገባው ግን በቅርቡ ነው። ነገሩም ይህ ነው፤ ዘፋኝ በጥርት ባለ ድምፅ ይዝፈን ወይስ ጉሮሮውን አሻክሮ እንደ አውሬ እያገሣ ይናገር? እንዲህ ያለው ነገር አባትን ከልጅ ያራርቃል ብሎ የሚገምት ሰው አይገኝም፤ እኛም አልገመትንም ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን በፓሪስ ከተማ የኦሊምፒክ ጨዋታ የመክፈቻ በዓል በቴሌቪዥን ይታይ ጀመር። እኛም ከባለቤታችንና ከልጃችን ጋር ተቀምጠን እንመለከት ነበር። በዚያ ምሽት በፓሪስ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ በእኛም ጣራ ላይ የሐምሌ ዝናብ ይወርድ ነበር። በሴን ወንዝ ዳር የሚገኘው ኮንሲየርዥሪ የሚባለው አሮጌ ሕንፃ በታየ ጊዜ ታሪኩን ለባለቤታችን ማስረዳት ጀመርን፤ ይኸውም በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ወህኒ ቤት እንደ ነበረ፤ የአብዮቱም ፍርድ ቤት በዚያው ግቢ ያስችል እንደ ነበረ፤ ንግሥት ማሪ አንቷኔትም በፈረንጅ ቁጥር በ1793 ዓመት ከዚያ ተወስዳ አንገቷን እንደ ተቆረጠች ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ፣ የኛ ነው ካላልን በቀር፣ በፈረንጅ ቁጥር ነው።) የምንሠራው በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስለ ሆነ እንዲህ ያለውን ታሪክ መናገር ደስ ይለናል። ነገር ግን ገና ሳንጨርስ ጎጂራ የሚባሉ የፈረንሳይ ሙዚቀኞች በሕንፃው ግድግዳ ላይ በተሠራ ሰገነት ቆመው፣ እሳትና ጢስ በዙሪያቸው እየተነሣ፣ እንደ መብረቅ ያለ ድምፅ አሰሙ። ዘፈኑም ሳ ኢራ የተባለው የጥንቱ የአብዮት ዘፈን ነበር። ጆ ዱፕላንትየ የተባለው መሪያቸው በሻካራ ድምፅ ጮኸ፤ ማሪና ቪዮቲ የተባለች የኦፔራ ዘፋኝ ደግሞ በመርከብ ላይ ቆማ ጥርት ባለ ድምፅ ታዜም ነበር።

እኛም፤ «ሴቲቱ መልካም ታዜማለች፤ የሰውዬው ድምፅ ግን የሰው ድምፅ አይደለም፤ ዝጉት» አልን። የዐሥራ ሰባት ዓመቷ ልጃችን ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆማ ነበር። ዐይኗ እንባ ሞልቶ፤ «አባባ፤ ይህን ሙዚቃ እኔ ሦስት ዓመት ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እርስዎ እንዳይቈጡ ብዬ ነው በጆሮ ማዳመጫ የምሰማው፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ ፊት ሲቀርብ አይዝጉብኝ» አለች። ዘጋነው።

በዚህ ፍርድ የቸኰልንበት ምክንያት ነበረን። በልጅነታችን ከቄስ ትምህርት ቤት ከገባን በኋላ ጥቂት ዓመት በዜማ ቤት ቈይተናል። የኔታ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት ነገር ቢኖር ድምፅን ከሆድ አውጥቶ ጉሮሮን አለማስጨነቅ ነበር። ሌሊት በጸናጽልና በመቋሚያ ቆመን ስናድር ጉሮሮውን አስጨንቆ የጮኸ ተማሪ በማግሥቱ ድምፁ ተዘግቶ ይገኛል፤ የኔታም «አንተ ዛሬ አድምጥ» ይሉት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንገባ በአራት ድምፅ ተከፍሎ መዘመርን ተማርን፤ በዚያም አፍን በሙሉ ከፍቶ፣ እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርጎ ማውጣት ግዴታ ነበር። እንግዲህ ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ በሌላ ነገር ሁሉ የማይስማሙ፣ በዚህ አንድ ነገር ተስማምተው አሳድገውናልና ጥርት ያለ ድምፅ ለእኛ የጨዋነት ምልክት ነው። የልጃችን ድምፅ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት የተመሰገነ ነበር። ይህን ድምፅ ይዛ ያንን ማጓራት መውደዷ ወርቅ ይዞ መዳብ እንደ መለመን ሆነብን።

ከዚያ ምሽት በኋላ ክርክሩ በማዕድ ላይ ይነሣ ጀመር። እኛ፤ «ቃሉ የማይሰማ ዘፈን ምን ይጠቅማል? ምስክር በችሎት ቀርቦ ቃሉ ካልተሰማ መሰከረ አይባልም» አልን። እርስዋም፤ «ቃሉ ታትሞ ከሸክላው ጋር ይመጣል፤ ይነበባል፤ ደግሞ በቅዳሴ ጊዜ የሚባለውን ግዕዝ እማማ ሁሉን ቃል ታውቀዋለች? ሳታውቀውስ አታለቅስም?» ብላ መለሰች። የቤተ ክርስቲያንን ነገር ወደ ዘፈን ማምጣቷ አስቈጣን፤ መልስ ያጣንለትም ስለ ሆነ ይበልጥ ተቈጣን። ያን ጊዜ ባለቤታችን እንጀራ እየጨመሩ ሳሉ፤ «አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ሲፎክሩ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበርን? እኛ ልጆቹ ከመደብ ሥር እንገባ ነበር፤ አያቴ አበዱ ያለ ሰው ግን አልነበረም» አሉ። እኛም ፉከራ ሌላ፣ ይህ ሌላ ነው አልን። ምን ሌላ እንደሆነ ግን አልተናገርንም፤ በመጨረሻም እንደ አባት ሥልጣናችን፤ «በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳይሰማ፤ አንቺም እንዳትሞክሪው» ብለን ክርክሩን ዘጋን። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነበር።

በኅዳር ወር 2017 ዓመተ ምሕረት (ይህ የኛ ቁጥር ነው) የልጃችን ድምፅ ተዘጋ። በመጀመሪያ ጉንፋን መስሎን ዝንጅብልና ማር አጠጣናት። ሳምንት ሲያልፍ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሙ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ አግብቶ ተመለከተና የድምፅ አውታሮቿ ቀልተው እንዳበጡ በመስታወቱ ላይ አሳየን። «ምን ስትጮኺ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። በሹክሹክታ ነገረችው። ለካ ልጃችን ከትምህርት ቤት እየመጣች፣ እኛ ከቢሮ ሳንመለስ፣ ከዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ፣ ድምፅ እንዳይወጣ ጋቢ ተከናንባ ያን ሻካራ ድምፅ ብቻዋን ትለማመድ ኖሮአል። እንዳይሰማ ስለ ፈራች እያፈነች፣ እያፈነች ስለ ሆነም ከጉሮሮዋ እየገፋች ነበር። ይህን በሰማን ጊዜ ያዘንነው በእርስዋ አልነበረም። ዜማ ቤት ገብቶ ድምፅ ከሆድ መውጣት እንዳለበት የተማረ አባት በቤት እያለ ልጁ በጋቢ ውስጥ ጉሮሮዋን አቈሰለች።

ሐኪሙ ጠባሳ አልያዘም፣ ይድናል አለና ዐሥር ቀን ፈጽሞ እንዳትናገር አዘዘ፤ ሹክሹክታም ቢሆን ክልክል ነው አለ፤ ሹክሹክታ ለታመመ ጉሮሮ ዕረፍት አይደለምና። እኛም፤ «ከእንግዲህ ይህን ማጓራት ፈጽማ መተው አለባት አይደለምን?» ብለን ጠየቅነው፤ አዎን እንዲለን እንፈልግ ነበር። እርሱ ግን፤ በኳስ ሜዳ የሚጮኹ፣ በገበያ የሚጣሩ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ የሚያስተምሩ መምህራን በዚሁ በሽታ ወደ እርሱ እንደሚመጡ፣ የሚጐዳውም የድምፁ ዓይነት ሳይሆን አወጣጡ እንደሆነ አስረዳን። ይህን ካልን የተማርነውን በአጭሩ እንናገር። በጉሮሮ ውስጥ ሁለቱ የድምፅ አውታሮች አሉ፤ ጥርት ባለ ድምፅ የሚያዜም ሰው እነዚህን በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ያንቀጠቅጣል። ከእነርሱ በላይ ደግሞ ሌሎች ሁለት እጥፋቶች አሉ፤ ሐሰተኛ አውታሮች ይሏቸዋል። በሻካራ ድምፅ የሠለጠነ ሰው እነዚህን የላይኞቹን በቀስታ በትንፋሽ ያንቀጠቅጣል እንጂ ዋናዎቹን አያፋጭም። በእስያ የቱቫ ሕዝብ ካርጊራ በሚሉት ዜማቸው፣ በኢጣልያም የሰርዲንያ ደሴት እረኞች በባሶው ድምፃቸው ይህንኑ እጥፋት ይሠሩበታል፤ ስለዚህ ነገሩ ትናንት በጊታር የመጣ አይደለም። በኒው ዮርክ ሜሊሳ ክሮስ የተባለች የድምፅ መምህርት ለእነዚህ ዘፋኞች እንዴት ሳይጐዱ እንደሚጮኹ የምታስተምርበትን ፊልም በ2005 አውጥታለች፤ ትምህርቱም ትንፋሽን ከሆድ መደገፍ ነው። የኔታ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደ ነበር እንጃ።

አደጋው የለም ማለታችን አይደለም። ሁለቱንም ዓይነት ድምፅ የሚያሰማው የኪልስዊች ኢንጌጁ ጄሲ ሊች በ2018 ጉሮሮውን በቀዶ ጥገና ታክሟል። ነገር ግን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በፊልም አይተን ድምፅ ማለት ይህ ነው ያልንላት ጁሊ አንድሩስም በ1997 ጉሮሮዋን በቀዶ ጥገና ታክማ የዘፈን ድምፅዋን አጥታለች፤ አዴል የተባለችውም እንግሊዛዊት በ2011 እንዲሁ ታክማለች፤ እነዚህ አንድ ቀን ያጓሩ አይደሉም።

እነዚያ ዐሥር ቀኖች ለቤታችን ከባድ ነበሩ። ልጃችን የምትፈልገውን ሁሉ በደብተር ላይ እየጻፈች ታሳየናለች፤ የቤቱ ጸሐፊ እርስዋ ሆነች። በሦስተኛው ቀን ማታ ደብተሩን ገልጣ ከፊታችን አኖረችው። «ከለከሉኝ እንጂ አላስተማሩኝም» ይል ነበር። በሃያ ዓመት የጽሕፈት ሥራችን እጅግ ብዙ አቤቱታ ተቀብለናል፤ እንዲህ ያጠረና እንዲህ ያለ መልስ የማይገኝለት ግን አላየንም። ደብተሩን መልሰን በዚያው ገጽ ሥር፤ «እንግዲያስ አሰሚን» ብለን ጻፍን።

ስለዚህ በየማታው ከራት በኋላ፣ እርስዋ ዝም ብላ፣ እኛም የታተመውን ቃል በእጃችን ይዘን፣ አብረን እንሰማ ጀመር። ልጃችን ታሪኩን በደብተር በቅደም ተከተል ጽፋልን ነበርና ከእርስዋ የተማርነውን እንነግራችኋለን።

ሜታል ሲጀመር ሻካራ ድምፅ አልነበረውም። የበርሚንግሃም ልጆች የሆኑት ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያውን ሸክላቸውን በ1970 ሲያወጡ ኦዚ ኦዝቦርን እንደ ሙሾ አውራጅ በሚያሳዝን፣ ግን ቃሉ በሚሰማ ድምፅ ነበር የዘፈነው። አይረን ሜይደን ከሚባሉት ጋር በ1982 የታወቀው ብሩስ ዲኪንሰንም ድምፁ እንደ መለከት ነው፤ እርሱን እኛም ወደድነው። ከዚያ በኋላ ግን ጊታሩ እየፈጠነና እየከበደ፣ ቃሉም ስለ ሞትና ስለ መከራ እየሆነ ሲሄድ ድምፁ አብሮ ሻከረ። በአሜሪካ በፍሎሪዳ አገር ቸክ ሹልዲነር የተባለ ጐልማሳ ዴዝ የተባለውን የሙዚቃ ጓድ መሥርቶ የመጀመሪያውን ሸክላ በ1987 አወጣ፤ የዚህ ሻካራ ድምፅ አባት ከሚባሉት አንዱ እርሱ ነው። የሚገርመው ግን ይኸው ሰው ከዓመታት በኋላ ኮንትሮል ዲናይድ የሚባል ሌላ ጓድ አቋቁሞ በ1999 ባወጣው ሸክላ ራሱ አልዘፈነም፤ ቲም ኤይማር የተባለውን ጥርት ያለ ድምፅ ያለውን ሰው አዘፈነ። በ2001 በአንጎል ዕጢ በሽታ በ34 ዓመቱ ሞተ። ይህን በሰማን ጊዜ፤ «እነሆ፤ አባታቸውም ወደ እኛ ወገን ተመልሶአል» ብለን ነበር። ልጃችን ፈገግ ብላ፤ «የተመለሰ አይደለም፤ ሌላ ነገር የሚናገርበት ሌላ ድምፅ አስፈለገው» ብላ ጻፈች።

ከጀርመን አገር አንጀላ ጎሶው የተባለች ሴት ከስዊድኖቹ ከአርች ኤነሚ ጋር በ2001 ባሰማችው ሸክላ ላይ፣ ፊቷን ሳያይ የሚሰማ ሰው ሴት መሆኗን አያውቅም። ልጃችን ይህን ስታሰማን ዐይን ዐይናችንን ታየን ነበር። እኛም ነገሩ ገባን፤ በጋቢ ውስጥ ስትመኘው የነበረው ይህን ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ስም ግን ኦፔት የሚባሉት የስቶክሆልም ሙዚቀኞች ናቸው። መሪያቸው ሚካኤል ኦከርፌልት ሁለቱንም ድምፅ በአንድ ጉሮሮ የያዘ ሰው ነው፤ በአንዱ ዘፈን ውስጥ እንደ አንበሳ አግሥቶ ወዲያው ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ያንጐራጕራል። በ2003 ያወጡት ሸክላ ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ ነበር፤ ቅር ያለው ብዙ አልነበረም፤ ከጥቂት ወራት በፊት ከባዱን አውጥተው ነበርና። በ2011 ግን ሻካራውን ድምፅ ከአዲስ ሸክላቸው ፈጽመው አስወጡት። ከዚህ ወዲያ የወዳጆቻቸው ክርክር እሳት ሆነ። ግማሹ አደገ ሲል ግማሹ ከዳን አለ። ልጃችን ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች፤ ሆኖም ክርክሩን ትናንት እንደ ሰማችው አድርጋ ትተርከዋለች። ደግሞም በዚያው በስዊድን አገር የጎተቦርጎቹ ኢን ፍሌምስ በ2002 ጥርት ያለውን ድምፅ ሲያበዙ ከወዳጆቻቸው ተመሳሳይ ሐዘን ደርሶባቸዋል። የእኛ አስተያየት ከተፈለገ፣ በየዘፈኑ ውስጥ መጀመሪያውን ሻካራ፣ አዝማቹን ጥርት ያለ እያደረጉ በልማድ ብቻ የሚደጋግሙት ጓዶች ከሁለቱም ወገን ይልቅ አሰልችተውናል፤ ወጥ ሁሉ በአንድ ቅመም እንደሚሠራበት ቤት ናቸው።

ኦፔት ከ2011 ወዲህ ባወጡት ሸክላ ሁሉ ሻካራውን ትተው ከዐሥር ዓመት በላይ ቈዩ። ልክ ልጃችን ድምፅዋን ባጣችበት ወራት፣ በ2024 በኅዳር፣ አዲስ ሸክላ ወጣና ሻካራው ድምፅ ተመለሰ። የሸክላውን ስም ስንሰማ ተደነቅን። የመጨረሻው ኑዛዜ ይባላል። ዘፈኖቹም ከመጨረሻው በቀር እንደ ሕግ አንቀጽ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ እስከ 7 በቁጥር ተሰይመዋል። ታሪኩም ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የኖረ አንድ ባለጠጋ የቤተ ሰብ አባት ከሞተ በኋላ ኑዛዜው በቤቱ ሲነበብ ነው። መንታ የሆኑት ልጆቹ ተቀምጠዋል፤ በፖልዮ በሽታ የተጐዳች፣ በቤቱ ያደገች አንዲት ልጅም ከመካከላቸው ተገኝታለች፤ እርስዋ በኑዛዜ ንባብ ላይ ምን አላት ብለው መንቶቹ ይጠራጠራሉ። አንቀጹ በተነበበ ቍጥር የተሸሸገ የቤት ምሥጢር ይወጣል። የጄትሮ ተሉ ኢያን አንደርሰንም በአንዳንዱ ቦታ እንደ አንባቢ ሆኖ በተራ ንግግር ይሰማል።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ እኛ ኑዛዜ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ራሳችንም አንብበናል። የሟቹ ቃል በጸሐፊ አፍ ሲነበብ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ «ይህን ያህል ለእገሌ፣ ይህን ያህል ለእገሊት» ይላል። ልጁን የነቀለ አባት ቍጣው፣ ሚስቱን የተጠራጠረ ባል ቅናቱ በወረቀቱ ላይ የለም፤ በክፍሉ ውስጥ ግን አለ፤ ወራሾቹ ሁሉ ይሰሙታል። በዚያ ሸክላ ላይ ሻካራው ድምፅ በመጣ ጊዜ ሟቹ ራሱ ከሣጥኑ ተነሥቶ የተናገረ መሰለን። ጥርት ያለው ድምፅ ሲከተል ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ትንፋሽ ሆነ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሁለቱ ድምፆች የሚጣሉ ሳይሆኑ አንዱ ሌላው የማይችለውን የሚናገር እንደሆነ ገባን።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለን፤ ለማንም አልነገርነውም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ችሎት ተቀምጠን ስንጽፍ ሕፃን ልጇ ለአባቱ እንዲሰጥ የተወሰነባት ሴት ጮኸች። ጩኸቷ ቃል አልነበረውም፤ ከሆዷ የወጣ፣ ወፍራም፣ ከእንዲያ ያለ ቀጭን ሴት ይወጣል ተብሎ የማይጠረጠር ድምፅ ነበር። ችሎቱ ለጊዜው ተነሣ። እኛም እንደ ደንቡ፤ «አመልካች በውሳኔው ቅር መሰኘቷን ገለጸች» ብለን በመዝገቡ ጻፍን። መዝገቡ ትክክል ነው፤ ስሕተት የለበትም፤ አለቃችንም አልነቀፈንም። ነገር ግን ያን ቀን የሆነውን የሚያውቅ ሰው መዝገቡን ቢያነብ ምንም እንዳልተጻፈ ይቈጥረዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን ጩኸት ጥርት ባለ ጽሕፈት ስንገለብጥ የኖርን ሰዎች በልጃችን ላይ የፈረድነውን ፍርድ ከየት እንዳመጣነው ያን ማታ አሰብነው።

ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ሦስት የዜማ ስልት ትቶልናል፤ ግዕዙ ደረቅና ጽኑ፣ አራራዩ ልብን የሚያራራ ነው፤ ሁሉም በየቦታው ይዜማል። ቅዱሱን ነገር ከዘፈን ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ እግዜር ይጠብቀን። ብቻ ነገሩን ከልጅነታችን ጀምሮ እያወቅነው ኖረን መርሳታችን አሳፍሮናል።

ሆኖም ሁሉን ተቀብለናል አንልም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ዕረፍት የሚያጓሩትን እስካሁን መስማት አይሆንልንም፤ ሁልጊዜ የሚጮኽ ሰው ሲያለቅስና ሲቈጣ አይለይምና። ሰው ስለ ማረድና ስለ መበለት የሚዘፍኑትንም በቤታችን አንፈልጋቸውም፤ ልጃችንም በዚህ ተስማምታለች፤ እርግጥ የተስማማችው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ድምፅ ምረጥ ብንባልም ዛሬም የምንመርጠው ጥርት ያለውን ነው።

ዐሥሩ ቀን አልፎ ሐኪሙ ፈቀደላት። በቤታችንም አዲስ ደንብ አወጣን፤ ልምምዱ በቀን ከሃያ ደቂቃ እንዳያልፍ፤ አስቀድሞ ውሃ እንዲጠጣ፤ ጉሮሮ ባመመ ጊዜ ወዲያው እንዲቆም፤ ጋቢ እንዳይኖር፤ የዕቃ ቤቱም በር ክፍት እንዲሆን። እኛም በሩ አጠገብ ተቀምጠን ትከሻዋን ከፍ ስታደርግ «ከሆድ፣ ከሆድ» እንላለን። የምናውቀው ይህችን ብቻ ናትና።

በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤታችን የሆኑት አሮጊት ነጠላቸውን እያጣፉ፣ በስመ አብ እያሉ መጡ። «ልጄ፤ ደኅና ናችሁ? ሰው ታመመ እንዴ?» አሉ። ባለቤታችን፤ «አልታመመም እማማ፤ ልጃችን ትምህርቷን እያጠናች ነው፤ ይግቡ፣ ቡና ደርሶአል» ብለው አስቀመጡአቸው። እማማ ጥቂት ካደመጡ በኋላ ወደ እኛ ዞረው፤ «ምንድን ነው የምትለው?» አሉን።

«ኑዛዜ ነው እማማ» አልናቸው።

«የማን?»

«በባሕር ማዶ የሞተ የአንድ ባለጠጋ ሰው። ልጆቹን ሰብስበው ሲያነቡላቸው ነው።»

እማማም ስኒውን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ወንበራቸውን ወደ ዕቃ ቤቱ በር አስጠጉና፤ «ታዲያ ለየትኛው አወረሰ?» አሉ።